የምሶሶ ደብተር

አንድ ሰው ስሙ መጠራት የጀመረ እንደሆነ ያስተማሩት ሰዎች በአንድ ጀምበር ይበዛሉ። አይታችሁ እንደሆነ፣ ልጁ በቴሌቪዥን ብቅ ባለ ማግስት የአንደኛ ክፍል አስተማሪው «ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ የሦስተኛ ክፍሉ ደግሞ «እኔ ጋ ሲመጣ መቼ ማንበብ ይችል ነበር?» ብለው የመጀመሪያውን ያስተባብላሉ፤ ጎረቤትየዋ እንኳ «ወተት የምልክለት እኔ አልነበርኩም?» ብላ ከክብሩ ላይ አንድ ጭልፋ ትወስዳለች። ሰነፉንስ? ሰነፉን ማንም አላስተማረውም። ሰነፍ ተማሪ ከሰማይ ዱብ ያለ ነው፤ አስተማሪ የለው፣ ትምህርት ቤት የለው፣ ወተት የላከለት ጎረቤት የለው።

እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ፤ ደብቄ ምን እጠቀማለሁ። ስሜ መሐመድ ነው፤ ሐይቅ ከተማ መጥታችሁ በዚህ ስም ብትጠይቁ ግን የሚያሳያችሁ አታገኙም፤ መሐመድ ያልሆነ ማን አለና። «ሙሄ ልብስ ሰፊው» ካላችሁ አንዱ ክንዳችሁን ይዞ ቤቴ ድረስ ያመጣችኋል፤ እግረ መንገዱንም ምሳ ይጋበዛል። የሥራ ቀን ልብስ እሰፋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች አዳራሽ ውዝዋዜ አስተምራለሁ። ይህን ሁለተኛውን ለማያውቀኝ ሰው ስናገር «እሱስ ጥሩ፤ ሥራህስ?» ይለኛል። ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። የሥራ ቀን የሰው ትከሻ እለካለሁ፣ ቅዳሜ የሰው ትከሻ አንቀጠቅጣለሁ፤ እንግዲህ እንጀራዬም ደስታዬም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ናቸው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ስሙን ደጋግሜ የምጠራው ኑርዬን ነበር። ወደ አዳራሹ ሲመጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ አሳየሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት እኩያዬ ሆነ፣ በሦስተኛው ሳምንት እኔ ከእሱ መስረቅ ጀመርኩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ቡድን ይሠራል፤ በበዓል ቀን በቴሌቪዥን ሲመጣ ሱቄን ዘግቼ ሰው የበዛበት ቤት ፈልጌ እገባና «ይኼን ልጅ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» እላለሁ። «ምን አስተማርከው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ግን ስለ ኑርዬ አይደለም። ማንም ስላላስተማራት ስለ አንዲት ልጅ ነው።

ትርንጎ ትባላለች። የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከውጫሌ ወደ ላይ ወጣ ካለ መንደር። ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመማር እኛው ከተማ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የአገሯን ስም ይዞ ይዞራል። አምባሰል ሲቃኝ እንኳን የአምባሰል ሰው ይቅርና በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር መሪውን ይዞ ትከሻውን ይሰብቃል። ትርንጎ ግን ትቆማለች። ማሲንቆው ያለቅሳል፣ ከበሮው ይለምናል፣ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

የመጀመሪያው ቀን «አንቺ ደግሞ ውዝዋዜ ምን አስፈለገሽ?» አልኳት፤ እንዲያውም እንዲህ በለሰለሰ አነጋገር አልነበረም።

«በእህቴ ሰርግ ጎትተው ከክቡ መሐል ጣሉኝ ጋሼ» አለች። «ቆምኩ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ያጨበጭቡ የነበሩት ማጨብጨብ ትተው ያዩኝ ጀመር። እና አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው መሐል ገብቼ እንደ ሰው ተጫውቼ መውጣት እፈልጋለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ነገር ግን አንጀት መብላትና ማስተማር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ያን ጊዜ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ብቻ ነበረኝ፦ ፊት ለፊት ቆሜ እወዛወዛለሁ፣ ከዚያ «ዝም ብለሽ ልቀቂው» እላለሁ። በዚህ ዘዴ የተማረ ብዙ ነው። ትርንጎ ግን «ምኑን ነው የምለቀው?» ብላ ጠየቀች።

«ትከሻሽን ነዋ!»

«ትከሻው ከየት ነው የሚጀምረው ጋሼ?»

ልጆቹ ሳቁ፣ ከበሮ መቺው ይማም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር አወጣች፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ መልሴን ትጠብቅ ጀመር። በውዝዋዜ አዳራሽ ደብተር! ሠርገኛ መሐል የሒሳብ ፈተና እንደማውጣት ነው። የምለው ሳጣ «አይ ይቺ ልጅ፣ ምሶሶ ናት እኮ» አልኩ። በቃ። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ይዞት የሚሄደው ብዙ ነው፤ በሳምንቱ አዳራሹ በሙሉ ምሶሶ ይላት ነበር፣ በወሩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ የሚያገኟት ልጆች ሁሉ ምሶሶ ይሏት ጀመር። እኔ ስሙን ያወጣሁላት ሰውዬ ግን እንዳልሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የሚገርማችሁ፣ ጥያቄዋ እኔኑ ይዞኝ ቤቴ ገባ። ትከሻ ከየት ይጀምራል? በልብስ ሰፊነቴ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከአንገት ሥር ተነሥቶ እጅጌው የሚጋጠምበት ላይ ያልቃል። በውዝዋዜ ግን አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርኩትን ነገር አላውቅም! በማግስቱ ጠዋት የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ሸሚዜን አውልቄ ቆምኩና ቀስ አድርጌ ሞከርኩ። በቀስታ ሲሠሩት ጠፋብኝ። ባለቤቴ ዘሐራ በሩን ከፍታ ስትገባ ግማሽ ራቁቱን የሆነ ሽማግሌ መስታወት ፊት ትከሻውን እያነሣ እየጣለ «ከዚህ ነው? አይደለም፣ ከዚህ ነው» ሲል አገኘችው።

«ያረቢ!» አለች። «ሙሄ፣ ደህና ነህ?»

«ትከሻዬ ከየት እንደሚጀምር እየፈለግሁ ነው።»

«አላህ ያግኝልህ» አለችና በሩን ቀስ ብላ መለሰችው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ፈለግሁ። በመጨረሻ ከየት አገኘሁት መሰላችሁ? ከትንፋሽ። ሰው ሊወዛወዝ ሲል ሳያውቀው መጀመሪያ ትንፋሹን ያስወጣል። ከዚያ ጉልበቱ ይላላል። ከዚያ ከኋላ፣ ከጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋው አጥንት ይንሸራተታል። ትከሻ የምንለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዘግይቶ መጥቶ ሙገሳውን ሁሉ ይወስዳል። ቅዳሜ ይህንን ለትርንጎ ስነግራት ጻፈችው። ስትጽፍ የተሰማኝን ኩራት ኑርዬ በቴሌቪዥን ሲመጣም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያማ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥያቄ ሆነ። አንገት ሲሄድ ዓይን ይቀድመዋል ወይስ ይከተለዋል? ጉልበት ሲታጠፍ ተረከዝ መሬት ይለቃል? ፈገግታው ከውስጥ ነው ወይስ የሚለጠፍ? እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሱሪ እያሳጠርኩ መልስ እፈልጋለሁ፣ ቅዳሜ አቀርባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ትሞክራለች፣ አይሆንላትም። በደብተሩ ግን እያወቀች ሄደች።

አንድ ጊዜ ሦስት ቅዳሜ ተከታትላ ቀረች። እውነቱን ልንገራችሁ? አላህ ይማረኝና፣ በመጀመሪያው ሳምንት እፎይ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት አዳራሹ ጭር አለብኝ። በሦስተኛው «ዓሣ ልግዛ» ብዬ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ አክስቷ እዚያ ዓሣ ትጠብሳለች። ትርንጎን ከደጅ ተቀምጣ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ቅርፊቱን ስትፍቅ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፣ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝና፤ አፌ ግን እምቢ አለ። እንኳን እኔ፣ በእኛ አገር ተማሪውን ይቅርታ የጠየቀ አስተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ጥያቄ አለቀብሽ እንዴ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ኧረ አላለቀብኝም። ጋሼ መልሱ ያለቀብዎት መስሎኝ ነው የቀረሁት።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ መጣች።

ሁለት ዓመት ፈጀ። በትምህርት ቤቷ የመዝጊያ በዓል ላይ በሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ ሆና ተወዛወዘች። ተአምር አልነበረም። ከአሥር ልጆች ጎልታ አልወጣችም፤ ግን አንድም ሰው «ያቺስ ምን ሆና ነው?» አላለም፣ የእሷም ምኞት ይኸው ነበር። ያን ክረምት አገሯ ገባችና በአንድ ዘመዷ ሰርግ ከክቡ መሐል ራሷ ገባች። ይህንን በስልክ ስትነግረኝ እየሮጠች የምታወራ ይመስል ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። «ማንም አልገፋኝም ጋሼ፣ ወላሂ!» አለችኝ፤ ክርስቲያን ናት፣ ወላሂን ግን ከእኛ ተምራዋለች። ሐይቅ የኖረ ሰው ሌላው ቢቀር ይህቺን ይማራል። ከዚያ ደሴ ሄዳ መምህርነት ተማረች፣ ውጫሌ ተመድባ ሕፃናት ታስተምራለች። እኔም ቀስ በቀስ ረሳኋት። በየሰዉ ቤት «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ስል ስሟ አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ አንዲት ባጃጅ እንምጣ።

ባለፈው ዓመት ወደ አርዲቦ ለሙሽራ ልብስ ልኬት ልወስድ ስሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ለአህያ መንገድ እለቃለሁ ብላ ተገለበጠች። አህያዋ ምንም አልሆነችም። ሹፌሩም ምንም አልሆነም። ከአንገቴ ወደ ግራ ትከሻዬ የሚሄደው አጥንት ግን ተሰበረ። ወጌሻው ጥሩ አድርጎ አሰረውና «ሦስት ሳምንት እንዳታንቀሳቅሰው፣ ከዚያ ቀስ እያልክ አሠራው» አለኝ።

እኔ ሦስት ወር አሰርኩት። ለምን ብትሉ፣ መታመም ተመቸኝ። በሐይቅ ከተማ ክንዱ በነጠላ ታስሮ የተቀመጠ ሰው ምን ዓይነት ንጉሥ እንደሆነ ያልታመመ አያውቀውም። ጠዋት «አላህ ያሽርህ» የሚሉ ይገባሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጫታቸውን ቅመው ይወጣሉ፤ ከሰዓት «እግዜር ይማርህ» የሚሉ ይገባሉ፣ ብርቱካን ያስቀምጣሉ። ዓሣው ሳይቀር እሾሁ ተለቅሞ ይመጣልኛል። ዘሐራ ሸሚዝ ታለብሰኛለች፣ ውኃ ታቀብለኛለች፣ ለሃያ ዓመት ያልሰማሁትን የፍቅር ጥሪ፣ «ሁቢ»ን እንኳ ሰማሁ። ግራ እጄ ታሰረ፤ እኔ ግን በቀኜም መሥራት ተውኩ። «ፍታው እንጂ» ሲሉኝ «ገና ነው፣ ያመኛል» እላለሁ።

በመጨረሻ ስፈታው ትከሻው የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይሰማም። ክንዴ እስከ ደረቴ ይመጣና ያቆማል። ነገሩ የገባኝ በሶላት ነው። አላሁ አክበር ብዬ ሁለት እጄን ወደ ጆሮዬ ሳነሣ ቀኙ ደረሰ፣ ግራው ደረቴ ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በየሶላቱ። ሰው ላያይብኝ ይችላል፤ ጌታዬ ግን ያያል፣ እኔም አያለሁ። ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «አጥንትህ ድኗል አባቴ» አለኝ፤ «ትከሻህ ግን ሥራ ፈትቶ ደርቋል። ካላሠራኸው እንደዚሁ ይቀራል» ብሎ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። በየሥዕሉ ላይ አንድ ፈረንጅ ክንዱን እያነሣ ፈገግ ይላል። እኔ ስሞክረው ዕንባ እንጂ ፈገግታ አልመጣልኝም። ወረቀቱን ከስፌት መኪናዬ በላይ ለጠፍኩትና በየቀኑ እያየሁት፣ እያየሁት ብቻ፣ መዳን ጠበቅሁ።

በዚህ መሐል ኑርዬ ለጥየቃ መጣ። ደስ አለኝ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ አቀፍኩት፣ በአንድ እጄ። የሐኪሙን ወረቀት አየና «ጋሼ፣ ይኼ ምን ያስፈልጋል? ቀላል እኮ ነው፤ ዝም ብለው ይልቀቁት» አለኝ። ብድግ ብሎም አሳየኝ። ምን ያለ ትከሻ መሰላችሁ! በሐይቅ ውኃ ላይ ነፋስ ሲያልፍ ይመስላል። እኔ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ እንደሱ ማድረግ ግን ከየት መጥቶ። «ዝም ብለው ይልቀቁት!» አለ ደግሞ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስሰጥ የኖርኩት ትምህርት ምን እንደሚመስል ከተማሪው ወንበር ላይ ሆኜ አየሁት።

እሱ ከሄደ በኋላ ለዘሐራ «የአዳራሹን ቁልፍ አስረክባለሁ» አልኳት። «ትከሻ የሌለው የውዝዋዜ አስተማሪ ምን ይሠራል?» ዘሐራ ማታውኑ ዓሣ ልግዛ ብላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። በቤታችን ዓሣ ሞልቶ ሳለ!

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ትርንጎ ከውጫሌ ሚኒባስ ወርዳ ከቤቴ ገባች። ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ ትከሻዬን ሳመች፣ ጤነኛውን፤ ከዚያ ከቦርሳዋ ባለ ሰማያዊ ሽፋኑን ደብተር አወጣች። ጫፉ ተበልቷል፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተጠግኗል።

«ቁልፉን አስረክበዋል?» አለች።

«ሰኞ ነው የማስረክበው።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን» ብላ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አልችልም ትርንጎ። ያመኛል።»

«ትከሻው ከየት ነው የሚጀምረው ጋሼ?»

ገጹን ገልጣ አነበበችልኝ፦ «ከትንፋሽ። መጀመሪያ አስወጪ። ከዚያ ጉልበትሽ ይላላ። ትከሻሽን አታስቢው፣ እሱ ራሱ ይመጣል።»

«ይህንን ማን ነው ያለው?» አልኳት፤ የምሬን ነው።

«እርስዎ ነዎታ።»

ያን ዕለት ክንዴን አላነሣችውም። ትንፋሽ ብቻ አሠራችኝ፣ ጉልበት ብቻ። ስትሄድ «ከየሶላቱ በኋላ አምስት አምስት ጊዜ» አለች፤ ሕፃን እንደምታስተምር ነበር የተናገረችው። ሰኞ ቁልፉን ሳላስረክብ ቀረሁ። ምክንያቴም ቅዳሜ ትመጣለች፣ ምን እላታለሁ የሚል ነበር እንጂ ተስፋ አድርጌ አይደለም።

መጣች። አሥራ አንድ ቅዳሜ መጣች። ከጀርባዬ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በሁለት ጣቷ ይዛ «ይኼ ነው የሚንሸራተተው፣ ክንዱን ይርሱት» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ክንዴ በአንድ ጣት ያህል ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን የወጣው ይመለሳል። የተመለሰ ቀን እኔ እቆጣለሁ። አንድ ቀን በርጩማዬን ገፍቼ ተነሣሁና «እኔ እኮ አስተማሪሽ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ለዚያ ነዋ ደብተሩ ትክክል የሆነው» አለች፣ ገጹን ሳትዘጋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እምቢ የሚል ሰውነት እኔ አውቃለሁ። ሰነፍ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ሲጮሁበት ይብስበታል። እርስዎ በጮኹብኝ ቀን ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ እመለስ ነበር።»

ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር ኑርዬ ሊነግረኝ አይችልም፤ ሰውነቱ አንድም ቀን እምቢ ብሎት አያውቅማ። እኔም ብሆን ለማንም ልነግር አልችልም ነበር። እሷ ከማትችልበት ተነሥታ እያንዳንዱን እርምጃ በጥያቄ የሄደችበት መንገድ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ የቱ ጋ እንዳለ ታውቀዋለች። እኔን በእጄ ይዛ በዚያው መንገድ መለሰችኝ።

በአሥረኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ የዙሁር ሶላት ላይ አላሁ አክበር ብዬ ሁለት እጄን አነሣሁ። ሁለቱም ጆሮዬ ደረሱ። ግራው ትንሽ ዘገየ፣ ግን ደረሰ፤ ጣቴ የጆሮዬን ጫፍ ሲነካ ተሰማኝ። ሶላቴን እንዴት እንደጨረስኩት ጌታዬ ያውቃል። ሱጁድ ላይ ግንባሬን ደፍቼ ያለቀስኩት ልቅሶ የሕመም አልነበረም። ዘሐራን ጠርቼ ሳሳያት እልልታዋ ጎረቤት ሰበሰበ፣ ያም የተሰበሰበው ሰው «ማን አዳነህ?» አለኝ። «አስተማሪዬ» አልኩ። ማን እንደሆነች የገባው አልነበረም።

ትርንጎ ቅዳሜ ስትመጣ ከበር ላይ ሆኜ ሁለት እጄን አንሥቼ ተቀበልኳት። አልጮኸችም፣ አልሳቀችም፤ ደብተሯን አወጣችና ቆማ አንድ ነገር ጻፈች። ዘሐራ ለምሳ ስትጠራት ደብተሩን በርጩማው ላይ ጥላው ገባች። የሰው ደብተር መመልከት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናንተስ ብትሆኑ?

ከመጨረሻ ገልጬ አየሁት። አዲስ ገጾች ነበሩ። ከላይ «ተማሪ፦ ምሶሶ» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ጽሑፍ «ዛሬ ትንፋሽ ብቻ። ይፈራል።» ቀጥሎ «ዛሬ ክንዱ ደረቱን አለፈ። አላመነም።» ቀጥሎ «ዛሬ ጮኸ። ደግ ነው፣ ማልቀስ ሲያፍር ነው የሚጮኸው።» በመጀመሪያ የራሷ የዱሮው መስሎኝ ነበር። ግን «ጮኸ» ይላል እንጂ «ጮኸች» አይልም። ቀኑን አየሁት፣ የዘንድሮ ነው። ምሶሶው እኔ ነኝ! ከታች የዛሬው፣ ቀለሙ ያልደረቀው፣ «ምሶሶ ዛሬ ሁለት እጁን አነሣ። በጣም ደስ ብሎኛል» ይላል።

መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ፤ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ፣ ሁለቱም ትከሻዬ። ከዚያ ያንኑ ገጽ ደግሜ አነበብኩት። ሃያ ዓመት አስተምሬ ካገኘሁት ሁሉ የዚያን ደብተር ያህል ያገኘሁት የለም። በአዳራሹ ውስጥ የሰጠኋት ነገር ነበር እንዴ? አዎ፣ ነበር፤ እሷ ስለጠየቀችኝ የሰጠኋት። ባትጠይቀኝ ኖሮ እኔም ሳላውቀው እሞት ነበር፣ ትከሻዬም ደረቴ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ ይኸው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ብትመጡ ከበሩ አጠገብ የተማሪዎቼን የደብተር መደርደሪያ ታያላችሁ።

ትርንጎ እጇን እየጠረገች ተመለሰች። ደብተሩን በእጄ ላይ አየችው፣ እኔንም አየችኝ። የዚያን የሐይቁን ዳር ቀን፣ አክስቷ ደጅ ያልወጣውን ቃል ልናገር ተነሣሁ።

«ትርንጎዬ፣ ያኔ... ያን ስም ያወጣሁልሽ...» ብዬ ጀመርኩ። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ልል ነው። ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ቆመ። ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ከባድ ነገር ነው ለካ፣ ከትከሻም ይከብዳል።

ትርንጎ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ አሥራ አንድ ቅዳሜ ክንዴን በጠበቀችበት ዓይን ጠበቀችኝ።

«መጀመሪያ ትንፋሽዎን ያስወጡ ጋሼ» አለች።

አስወጣሁ። ቃሉም ተከትሎ መጣ።